መጀመሪያ በቤት፣ ከዚያ ከሩቅ፦ የደህንነት ካሜራ በወለጋ ከተሞች

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ የደህንነት ካሜራ ለማስገጠም የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «በስልኬ ይታየኛል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው የሚያስገርም አይደለም። ጠያቂው ቤቱን ለዘመድ ወይም ለተከራይ ትቶ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሚኖር ሊሆን ይችላል፤ ነጋዴ ከሆነም ዕቃ ለማምጣት ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መርካቶ በሚውልበት ቀን ሱቁን መቃኘት ይሻል። ገጣሚውም ስልኩን አውጥቶ ምስሉን ያሳያል፤ ሒሳቡም በዚያው ይዘጋል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከሩቅ ማየት የሥራው መሠረት፣ በቤት ውስጥ መቅዳትና ማየት ደግሞ ጭማሪ ተደርጎ ይታሰባል። ለወለጋ የሚስማማው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት፣ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ፣ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን የስልክ አገልግሎትም ተቋርጦ ነበር። በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔቱ ሲዘጋ ስልክ ይሠራ የነበረው በዋና ዋናዎቹ ከተሞች ብቻ ነበር። ይህ በተከፈተ በሦስተኛው ወር፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። ሰው ስለ ቤቱና ስለ ቤተሰቡ አብዝቶ የሚጨነቀው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ምስሉን በአምራቹ የሩቅ ማከማቻ ብቻ የሚያኖር ካሜራ በእነዚያ ወራት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ጌጥ አይሻልም ነበር። በቤት ውስጥ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ የሚቀዳ ግን ኔትወርክ መኖር አለመኖሩን ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል።

የዳታው ወጪም ወደዚሁ ይመራል። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ አንድ ካሜራ በሰዓት 900 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፤ አራት ካሜራዎች በቀን 86 ጊጋባይት ያህል ይሞላሉ። ይህን በሞባይል ዳታ ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ባለቤት ገቢውን ለካሜራው ይገብራል ማለት ነው። በቤት ውስጥ ሲቀዳ ግን አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ያንኑ ምስል ለ11 ቀናት ያህል ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይይዛል፤ ከሞላም በኋላ አሮጌውን እያጠፋ በአዲሱ ይተካል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው መቅጃው የሚያዘጋጀው አነስተኛ ምስል፣ በሴኮንድ 256 ኪሎቢት ቢሆን፣ በሰዓት ከ115 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። በሩ መዘጋቱን ለማረጋገጥ ይህ ይበቃል፤ ጥራት ያለው ምስል በዲስኩ ላይ ይቆያል።

መብራት ሲጠፋ መቅጃውም ራውተሩም አብረው ይጠፋሉና ሁለቱን ከካሜራዎቹ ጋር የሚያቆይ ባትሪ ከአምስተኛ ካሜራ ይልቅ ይጠቅማል። በክረምት መብረቅ ጊዜ ደግሞ በግቢ የተዘረጋው የመዳብ ሽቦ ኃይሉን እስከ መቅጃው ይዞ ሊገባ ስለሚችል መከላከያ ማስገባት ተገቢ ነው።

ብዙዎች ንቀው የሚያልፉት ነገር የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ከቻይና የመጣ መቅጃ በፋብሪካው ሰዓት እንደተተወ ከሆነ ከኢትዮጵያ በ5 ሰዓት ይቀድማል። በትክክል ቢስተካከል እንኳ የሚያሳየው የፈረንጅ አቆጣጠርን ነው፤ አገሬው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚለው በመቅጃው ላይ 02:00 ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በላይ የሚያሳስተው ቀኑ ነው። መቅጃው ቀን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት፣ በአገሬው አቆጣጠር በ6 ሰዓት ነው፤ ሰው ግን ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ ማክሰኞ ማታ እያለ ሊቆጥር ይችላል። እናም የማክሰኞን ሌሊት የሚፈልግ ባለቤት በማክሰኞ 02:00 ሲያስስ ሌላ ሌሊት ያያል፤ «ካሜራው አልቀዳም» ብሎም ይተወዋል። በ12ኛው ቀን ምስሉ በእርግጥም ጠፍቷል። ለፖሊስ የሚቀርብ ምስል የሰዓቱ ልዩነት በጽሑፍ ካልተያያዘበት ተጠርጣሪው «በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርኩ» ሲል መልስ ማግኘት ይቸግራል። በመቅጃው ሽፋን ላይ የምትለጠፍ አንዲት ወረቀት፣ በአካባቢው ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈች፣ ይህን ሁሉ ታድን ነበር።

ከሩቅ ማየት ጨርሶ ይቅር የሚል የለም። አሠራሩን ማወቅ ግን ግድ ነው። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ራውተር ብዙውን ጊዜ ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት የአይፒ አድራሻ የለውም፤ ስለዚህ መቅጃው ራሱ ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ይገናኛል፣ የባለቤቱም ስልክ በዚያው በኩል ያገኘዋል። በመካከል ሌላ አካል አለ ማለት ነው። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በዓለም ዙሪያ አሰልፎ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አስተጓጉሏል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ከሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የደህንነት ካሜራ ምስሎች በመረብ ሰርጎ ገቦች ሲወሰዱ እንደነበር ሮይተርስ ዘግቧል። የአኅጉሩ መሰብሰቢያ እንዲህ ከተደፈረ፣ የነቀምቴ ሱቅ ገጣሚው በሁሉም ደንበኞቹ ቤት በሚያስገባት አንዲት የይለፍ ቃል መተማመን የለበትም።

ሰርጎ ገብ ብቻም አይደለም። ከሩቅ የሚያየው ባለቤት ግቢው ውስጥ የሚኖረውን ተከራይ፣ ልብስ የምታሰጣውን ሠራተኛ፣ ከጎረቤት የሚመጣውን ሕፃን ያያል፤ እነርሱ ግን ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚመለከታቸው አያውቁም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ያረጋገጠው ግላዊነት ለቤት ባለቤት ብቻ የተሰጠ አይደለም። ካሜራው ወደ በሩና ወደ አጥሩ ቢዞር፣ ሞኒተሩም ግቢው ውስጥ ያለ ሰው በሚያየው ቦታ ቢቀመጥ ጠባቂውም ተጠባቂውም አንድ ዓይነት ምስል ያያሉ። ሌሊት ኮቴ ሲሰማ ተነሥቶ የሚያየውም አዲስ አበባ ያለው ባለቤት ሳይሆን እዚያው የተኛው ሰው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፦ ሌባ መቅጃውን ራሱን ይዞ ቢሄድስ? ተቃውሞው እውነት አለው። መቅጃው በጣሪያ ሥር ወይም በተቆለፈ ሣጥን ተሰውሮ፣ ለእይታ የሚሆነው ሞኒተር ብቻ በረዥም ገመድ ቢወጣ፣ በበሩ ካሜራ ውስጥም ሚሞሪ ካርድ ቢገባ አደጋው ይቀንሳል። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት የዚያ የአንዱ ካሜራ ፎቶ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ወደ ባለቤቱ ስልክ ቢላክ ደግሞ ወጪው ጥቂት ነው፤ ከሩቅ ማየት በእውነት ዋጋ የሚያወጣውም እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ የመጨረሻውን ክፍያ የሚፈጽም ሰው ስልኩን ትቶ ራውተሩን ይንቀል፣ ቆጣሪውንም ያጥፋ፤ ሩብ ሰዓት ጠብቆም ገጣሚውን ያን ሩብ ሰዓት ከዲስኩ ላይ፣ በትክክለኛው ሰዓትና ቀን፣ አውጥቶ እንዲያሳየው ይጠይቅ።