«አንዲት ብቻ» የምትባል ነገር፦ የግብ አዳኙ የጂሚ ግሪቭስ ሕይወት



«የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋች በእስልምና መጽሔት ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ወጣቶቻችን ቅዳሜና እሁድን የእንግሊዝ ጨዋታ ሲመለከቱ እንደሚውሉ ወላጆች ሁሉ ያውቁታል። የተጫዋቹን ስም፣ የማሊያውን ቁጥር፣ ያገባውን ጎል ብዛት በቃላቸው ይዘውታል። እንግዲያው ከዚያው ሜዳ አንድ ሰው እንጥራና ጎሉን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም አብረን እንመልከት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጂሚ ግሪቭስ በ1940 በምሥራቅ ለንደን ተወለደ። በ17 ዓመቱ፣ በ1957፣ ለቼልሲ ተሰልፎ የመጀመሪያ ጨዋታውን ከቶተንሃም ጋር ሲያደርግ ጎል አገባ። በቼልሲ በቆየባቸው አራት የውድድር ዘመናት በ157 የሊግ ጨዋታዎች 124 ጎል አስቆጠረ። ቁመቱ ረጅም፣ ጉልበቱም ብርቱ አልነበረም። ነገር ግን ፈጣንና የተረጋጋ ነበር። ሌሎች ኳሷን በኃይል ሲለጓት እሱ ለጓደኛው የሚያቀብል ያህል ቀስ አድርጎ ወደ መረቡ ይልካት ነበር።

በ1961 ወደ ጣሊያኑ ኤሲ ሚላን ሄደ። ኑሮው ስላልተስማማው ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ወደ ለንደን ተመለሰ። ቶተንሃም የገዛው በ99,999 ፓውንድ ነው። አሠልጣኙ ቢል ኒኮልሰን አንዷን ፓውንድ ያስቀሩት «የመጀመሪያው የመቶ ሺህ ፓውንድ ተጫዋች» የሚለው ስም በወጣቱ ትከሻ ላይ ሸክም እንዳይሆንበት ብለው ነው። ለቶተንሃም ያስቆጠራቸውን 266 ጎሎች የሚበልጥ እስከ 2023 ድረስ አልተገኘም፤ በዚያ ዓመት ሃሪ ኬን በለጠው። በእንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ ያገባቸውን 357 ጎሎች ግን አላን ሺረርም ሆነ ሌላ ሰው እስካሁን አልደረሰባቸውም። ለአገሩም በ57 ጨዋታዎች 44 ጎል አስቆጥሯል።

የ1966ቱ የዓለም ዋንጫ በእንግሊዝ ሲካሄድ የአገሩ ሰው ሁሉ ተስፋ በእሱ ላይ ነበር። ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ጨዋታ እግሩ ተቀደደና ተሰፋ። በምትኩ የገባው ጂኦፍ ኸርስት በፍጻሜው ጨዋታ ሦስት ጎል አግብቶ እንግሊዝ ምዕራብ ጀርመንን 4 ለ 2 አሸነፈች። ግሪቭስ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከሜዳው ዳር ተመለከተ። በዚያን ጊዜ ሜዳሊያ የሚሰጠው በፍጻሜው ለተሰለፉት 11 ተጫዋቾች ብቻ ስለነበር እሱ ሜዳሊያውን ያገኘው ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው።

ብዙዎች «መጠጥ ውስጥ የገባው ያን ቀን በደረሰበት ሐዘን ነው» ይላሉ። እሱ ራሱ ግን ይህን አልተቀበለም። ልብ ማለት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ሰውን ወደ መጠጥ የሚወስደው የግድ ትልቅ መከራ አይደለም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ተጫዋች ልምምድ ሲጨርስ፣ ጨዋታ ሲያልቅ፣ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ከጓደኞቹ ጋር መጠጥ ቤት ጎራ ማለቱ እንደ ሥራው ክፍል ይቆጠር ነበር። ማንም አልነቀፈውም። «ነገ አቆማለሁ» ማለትም አላስፈለገውም፤ ምክንያቱም ችግር አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በ1970 ወደ ዌስት ሃም ተዛወረ። በጥር 1971 ለኤፍ ኤ ካፕ ጨዋታ ብላክፑል ከተማ በሄዱበት ከጨዋታው በፊት በነበረው ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር ጭፈራ ቤት አመሸ። በማግስቱ ቡድኑ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ እነሱም ተቀጡ። በዚያው ዓመት ግሪቭስ ገና በ31 ዓመቱ ከትልቁ ኳስ ተሰናበተ። ልምምዱ ቀረ፤ መጠጡ ግን ቀጠለ። በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ቀን ቀን እስከ 20 ብርጭቆ ቢራ ይጠጣና ሌሊት ደግሞ ከመተኛቱ በፊት አንድ ጠርሙስ ቮድካ ይጨርስ ነበር። ሆስፒታል ገባ። ትዳሩ ፈረሰ። ሦስት ተከላካይ በአንድ እርምጃ የሚያልፍ ሰው ከአንድ ጠርሙስ ማምለጥ አቃተው።

እዚህ ላይ ለወጣቱ አንባቢያችን አንድ ጥያቄ እናቅርብ። «እኔ ራሴን እቆጣጠራለሁ፤ አንዲት ብቻ ብቀምስ ምን እሆናለሁ?» የሚል ጓደኛ የለህም? ከግሪቭስ የበለጠ በራሱ ላይ እምነት የነበረው ማን ነው? ከእሱ የበለጠ የተረጋጋስ? መጠጥ የሚያጠምደው ደካማውን ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን ባላገኘው ነበር።

የመጨረሻዋን መጠጥ የጠጣው በየካቲት 1978 ነው። የመጠጥ ሱሰኞች እርስ በርሳቸው የሚረዳዱበት ማኅበር ውስጥ ገባ። ነገሩንም አልደበቀም፤ በማግስቱ ዓመት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም በቴሌቪዥን የኳስ አቅራቢ ሆኖ ከኢያን ሴንት ጆን ጋር ለዓመታት የአገሩን ሰው አሳቀ። ከቀድሞ ባለቤቱም ጋር ታረቁ። ይህ ሰው «ከእንግዲህ በመጠኑ እጠጣለሁ» አላለም። በመጠኑ የሚባል ነገር ለእሱ እንደሌለ ገብቶት ነበርና አንዲትም ጠብታ ሳይቀምስ 43 ዓመት ኖረ።

ሙስሊም ያልሆነ ሰው ጤናውንና ትዳሩን ከፍሎ የደረሰበትን ይህን እውነት አላህ (ሱ.ወ.) ለእኛ ያለ ዋጋ ሰጥቶናል። በአል-በቀራ ምዕራፍ (2፡219) የኸምርና የቁማር ጉዳት ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ ተነገረ። በአን-ኒሳእ (4፡43) ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ። በመጨረሻም በአል-ማኢዳ (5፡90-91) ሁለቱም የሸይጣን ሥራ መሆናቸው ተገልጾ «ራቁ» ተባለ። ትእዛዙ መተው ብቻ ሳይሆን መራቅ መሆኑን እናስተውል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም እንደተከለከለ አስተምረዋል። የአንዲት ብርጭቆ በር የተዘጋው ከበስተኋላዋ ያለው ስለሚታወቅ ነው።

በዚያው በእንግሊዝ ሜዳ ይህን በተግባር ያሳየም አለ። በግንቦት 2012 ያያ ቱሬ በኒውካስል ላይ ሁለት ጎል አግብቶ የጨዋታው ኮከብ ሲባል የሻምፓኝ ጠርሙስ ቀረበለት። ሙስሊም ስለሆነ እንደማይጠጣ በካሜራ ፊት ተናግሮ ጠርሙሱን ለቡድን ጓደኛው ሰጠው። አላፈረም፤ ማንንም አልሰደበም። ወጣቶች ሆይ! የምታደንቁትን ተጫዋች አረጋገጥ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለውንም ቅዱለት።

ወላጆችም ልጃችሁ ጨዋታ የሚያየው የት እንደሆነ ጠይቁ። ቢራ በሚቀዳበትና ውርርድ በሚቆረጥበት ቤት ከሆነ ቁጣ ብቻውን አይመልሰውም። ከተቻለ ቤት ውስጥ አብራችሁት ተመልከቱ፤ ሶላት ሲደርስም አብራችሁት ተነሡ።

አንዱ የቤታችሁ ልጅ አስቀድሞ ወድቆ ከሆነ ደግሞ በር አትዝጉበት። ስሙን በየጎረቤቱ አታንሡ። ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ከመልካም ጓደኞች ጋር አገናኙት፤ ዱዓ አድርጉለት። የተውበት በር ክፍት ነው።

ግሪቭስ በመስከረም 19 ቀን 2021 በ81 ዓመቱ ሞተ። በአጋጣሚ በዚያው ቀን ቶተንሃምና ቼልሲ ይጋጠሙ ነበር። የሁለቱም ቡድን ደጋፊ ተነሥቶ በአንድነት አጨበጨበለት። ጭብጨባው ለጎሎቹ ነበር። እኛ ግን ከጎሎቹ ሁሉ ይልቅ ያቺን «አንዲት ብቻ» ለ43 ዓመት እምቢ ማለቱን እንያዝለት።

አላህ (ሱ.ወ.) እኛንም ልጆቻችንንም ከሚያሰክር ነገር ሁሉ ይጠብቀን፤ የወደቁትንም ያንሣልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።