መብራቱም ውኃውም ደግ ነው፤ ነገር ግን የቱ ይቅደም?

ይድረስ ለአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ፤

በመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት ከተነሣ ክርክር በኋላ በልቤ ሲመላለስ የሰነበተውን አሳብ በዚህ ዓምድ እንድገልጽ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። እኔ ከአምቦ ወዲያ ባለች በአንዲት የምዕራብ ሸዋ ከተማ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ ብዬ አይደለም። የመንግሥት ገንዘብ በምን ተራ ቢወጣ ይበጃል ለሚለው ጥያቄ አንድ ደመወዝተኛ ያለውን አሳብ ለማስረዳት ብቻ ነው።

ክርክሩ የተነሣው እንዲህ ነው። አንዱ ባልደረባችን አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ፣ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ያመጣውን ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራቱንና አበባውን እያደነቀ አወራልንና «ለእኛስ ከተማ እንዲህ ያለው መቼ ይሆን የሚደርሳት?» አለ። ከእርሱ ጎን የተቀመጠችው እኅታችን ወዲያው ተቀብላ «ወንድሜ፣ መብራቱ ይምጣ፤ ግን ከመብራቱ በፊት ቧንቧው ይምጣልኝ። በጨለማ ጀሪካን መሸከሙን ለምጄዋለሁ፤ በብርሃን ባዶ ጀሪካን መሸከሙ ግን ምን ይጠቅመኛል?» ስትል ሁላችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ከሳቅ የሚያልፍ ሆኖ አገኘሁት።

እንደሚታወቀው ሁሉ አምቦ ስሟ ከውኃ ጋር የተያያዘ ከተማ ናት። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። የአምቦ ውኃ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ከአገር ዳር እስከ ዳር በየሠርጉ፣ በየግብዣውና በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ይቀርባል። ይሁን እንጂ ከዚያው አውራ ጎዳና ላይ በተቀመጠችው በእኔ ከተማ የቧንቧ ውኃ የሚመጣበት ቀን በውል አይታወቅም። ሲመጣም ብዙውን ጊዜ እኩለ ሌሊት ነው። የቤት እመቤቶች እንቅልፋቸውን ትተው በርሜል ሲሞሉ ያድራሉ፤ ያልሞላላቸው ደግሞ ከአህያ ጀሪካን ይገዛሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው አሳቤ የወጪን ተራ የሚመለከት ነው።

በበኩሌ የከተማ ውበት ጠላት አይደለሁም። በከተማችን ዋና መንገድ ላይ ጥቂት መብራቶች በተተከሉ ጊዜ «ይህ ደግሞ ለምኑ?» ብዬ ካጉረመረሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ብዙም ሳይቆይ ግን በቆሎ እሸት ጠብሳ የምትሸጥ አንዲት እናት ምድጃዋን ከመብራቱ ሥር አዛውራ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ስትሠራ አየኋት። የማታ ተማሪዎችም በዚያው ብርሃን ሳይሰጉ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ያን ጊዜ ማጉረምረሜን አስተሐቀርሁት። እንግዲህ ጥያቄው መብራት ይኑር ወይስ አይኑር ሳይሆን፣ የተገኘው ገንዘብ ለሁሉ የማይበቃ ሲሆን የትኛው ይቅደም የሚለው ነው።

ለዚህ አንድ ቀላል መለኪያ ያለ ይመስለኛል። ባለጸጋ በራሱ ገንዘብ ሊገዛው የሚችለው፣ ድኃ ግን መንግሥት ካላቀረበለት ፈጽሞ ሊያገኘው የማይችለው ነገር ይቅደም። ውኃ ሲጠፋ ባለጸጋው በቦቴ ያስመጣል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስነሣል፤ ልጁ ሲታመም በመኪና አዲስ አበባ ያደርሳል። ድኃው ግን የመንግሥት ቧንቧና የመንግሥት ጤና ጣቢያ ካልደረሱለት ሌላ በር የለውም። በጉደር ወንዝ አጠገብ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማው ወይም በጀልዱ ደጋ ድንች የሚያመርተው ገበሬም እንዲሁ ነው። ክረምት ገብቶ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ሲሆንበት ነጋዴው ባለው ዋጋ ይሸጣል፤ አለዚያ ምርቱ ማሳው ላይ ይበሰብስበታል። ለእርሱ አንድ የጠጠር መንገድና አንድ ድልድይ ከብዙ ፏፏቴ ይበልጡበታል። ለእኛ ለከተሜዎቹም ቢሆን የሽንኩርት ዋጋ የሚወደድብን በከፊል በዚያው ጭቃ ምክንያት መሆኑን ልንዘነጋው አይገባም።

አንዳንዶች «ጎብኚ የሚስብ ሥራም እኮ ገንዘብ ያመጣል» ይላሉ። እውነት ነው። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የወንጪ ሐይቅ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመርጦ ትልቅ ሥራ ተሠርቶበታል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል። ይህ ሁላችንንም ያስደስታል። የእኔ ልመና ግን፣ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚገኘው ጥቅም ፈረስ ለሚያከራየው ወጣትና ማር ለሚሸጠው የአገሩ ሰው ምን ያህል እንደ ደረሰ በየዓመቱ ተቈጥሮ ለሕዝብ ይነገር የሚል ነው። አለዚያ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል።

ሁለተኛው አሳቤ ስለ ሚዛን ነው፤ ማለትም ወጪውን ማን ይሸከመዋል ስለሚለው። ደመወዝተኛ ግብሩን የሚከፍለው ገንዘቡን በእጁ ሳይዝ ነው፤ መደበቂያም የለውም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅም ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳድጎታል። ስለ ሁለቱም ምስጋና ይገባል። ሆኖም ሒሳቡን አብረን እናስላ። 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ግብሩ 700 ብር ነው፤ ሰባት ከመቶ የጡረታ መዋጮው 420 ብር ነው፤ ለቤቱ የሚተርፈው 4,880 ብር ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ሳሙና ሲገዛ 15 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለዘይትና ለመድኃኒት ደመወዝተኛ ሁሉ የሚከፍለው ዋጋ አንድ ነው። እንግዲህ 4,880 ብር ይዞ ወር ለሚገፋ ሰው መቶ ብር የእጅ መንሻ አይደለችም፤ የሁለት ቀን ምግብ ናት።

ወደ ሦስተኛው አሳቤ የሚያደርሰኝም ይኸው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደመወዜ ባንክ ሲገባ ጎድሎ አገኘሁት። ሒሳብ ክፍል ሄጄ ብጠይቅ «ለአንድ የልማት ሥራ መዋጮ ነው፤ ሠራተኛው በሙሉ ተስማምቷል» ተባልሁ። ቃለ ጉባኤው እንዲታየኝ ለመንሁ። ስሜ በመዝገቡ ላይ ነበር፤ ከስሜ ፊት ለፊት ያለው የፊርማ ቦታ ግን ባዶ ነበር። የተቆረጠው ገንዘብ ብዙ አልነበረም፤ ብጠየቅ ኖሮ ያለ ጥርጥር እሰጥ ነበር። ነገር ግን አልተጠየቅሁም። እኔም ግምገማውን ፈርቼ፣ «ልማት ጠል» እንዳልባል ሠግቼ ዝም አልሁ። በዚያው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ የሆነች እናት በኮሪደሩ አግኝታኝ «ልጄ፣ እኔ መስጠት አልጠላም። ግን እንደሚቆረጥብኝ ባውቅ ኖሮ ከባለሱቁ በዱቤ አልወስድም ነበር። አሁን በፊቱ ማለፍ አፈርሁ» አለችኝ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የእኔ ገንዘብ መጉደሉ አይደለም። ለእርሷ ስል እንኳ አንዲት ቃል አለመናገሬ ነው።

ነገሩ የገንዘብ ፍቅር አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ ትልቅ ምስክር አለኝ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ድንጋይ በተጣለ ጊዜ እኛ ደመወዝተኞች የወር ደመወዛችንን ለቦንድ አውጥተናል። በመሥሪያ ቤታችን በዕድሜ የሚበልጡን፣ ጋሼ የምንላቸው የሒሳብ ሹም ለጡረታ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው ቦንዳቸውን በልጅ ልጃቸው ስም ሲገዙ አይቻለሁ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል የነበረው ቀርቶ ወንዙ ማደሪያ አገኘ፤ ድር ቢያብር አንበሳ እንደሚያስርም ታየ። ልብ በሉ፤ በዚያ ዘዴ ሦስት መልካም ነገሮች ነበሩ። የወር ደመወዝ የተባለ ስለሆነ ብዙ የሚያገኘው ብዙ፣ ጥቂት የሚያገኘው ጥቂት አወጣ። ቦንድ ስለሆነ ስጦታ ሳይሆን ከነወለዱ የሚመለስ ብድር ነበር። ገንዘቡ የሚውልበት ሥራም በዓይን የሚታይ አንድ ሥራ ነበር። እርግጥ በዚያም ጊዜ ቢሆን በየመሥሪያ ቤቱ «ይቅርብኝ» ለማለት የቸገረው ሰው አልጠፋም፤ ይህን መካድ ውሸት ይሆንብኛል። እንግዲህ ደጉን ይዘን ይህን እናርመው ነው የምለው።

መዋጮ ማለት ሰጪው «አይሆንም» ለማለት የሚችልበት ሲሆን ነው። «አይሆንም» የማይባልበት መዋጮ ስሙ ግብር ነው፤ ግብር ደግሞ የሚጣለው በአዋጅ እንጂ በቃለ ጉባኤ አይደለም።

ሳይጠየቁ መወሰን የሚያስከትለውን ጉዳት የእኛ አገር ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ባስነሣው ተቃውሞ በአምቦ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በጊንጪ ስለ መጫወቻ ሜዳና ስለ ደን የተጀመረው ቅሬታ ወደ ብዙ የኦሮሚያ ከተሞች ተዛመተ። በጥር 2008 ዓ.ም. ማስተር ፕላኑ መቅረቱ ተነገረ፤ የሞቱት ግን አልተመለሱም። ሕዝቡ አስቀድሞ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ምን ይጎድል ነበር? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ከሕገ መንግሥቱም በፊት ቢሆን የአካባቢያችን የኦሮሞ ሽማግሌዎች ከኦዳ ሥር ተቀምጠው ሁሉም ተናግሮ ሳይጨርስ ውሳኔ አይሰጡም። ይህ ከሩቅ የመጣ ትምህርት አይደለም፤ የደጃችን ነው።

ስለዚህ ወቀሳ ብቻ ጽፌ እንዳልቀር የሚከተለውን አሳብ ለሚመለከታቸው ሁሉ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ከተማ በጀቱን ከማጽደቁ በፊት ያሰባቸውን ሥራዎች ከነዋጋቸው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጽፎ በገበያና በቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። በየወረዳው በጀት መለጠፍ የተጀመረ ነገር ነው፤ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው ከተወሰነ በኋላ መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ውኃ፣ ጤና ጣቢያና የገበያ መንገድ በሚገባ ሳይሟሉ የማስዋቢያ ሥራ ከተያዘ፣ ለምን እንደ ቀደመ ሹሙ በአደባባይ ያስረዳ። በቂ ምክንያት ካለው እኛም እንረዳለን፤ እኔም የበቆሎዋን ሻጭ እናት አይቼ ተረድቻለሁና።

ሦስተኛ፣ ከደመወዝ የሚቆረጥ ማናቸውም መዋጮ ሠራተኛው ራሱ በፈረመበት ወረቀት ብቻ ይሁን። ያልፈረመው ሰው ስሙ በስብሰባ አይነሣ፤ በግምገማም አይጠየቅበት። ጥቂት ደመወዝ ያለውም ከባለ ብዙው እኩል እንዲያወጣ አይደረግ።

አራተኛ፣ ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ምን ያህል ገባ፣ ምን ተሠራበት፣ ምን ተረፈ የሚለው ለከፈሉት ሁሉ ይነገር። ሒሳቡን ያየ ሰው ለሚቀጥለው ጊዜ ሳይለመን ይሰጣል።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በአንድ በኩል ገንዘቡን የምንከፍል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ደብዳቤውን የምንጽፍ፣ ማኅተሙን የምንመታና ደመወዙን የምንቆርጥ ሰዎች ነን። ያን ቃለ ጉባኤ የጻፈውም እንደ እኔ ያለ አንድ ጸሓፊ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ወደ ላይ ብቻ ብናሸጋግር አግባብ አይሆንም። ነገ ደግሞ ከስሙ ፊት ለፊት ፊርማ የሌለበት ዝርዝር በጠረጴዛዬ ላይ ቢቀመጥ «መጀመሪያ ባለቤቶቹ ይጠየቁ» ብዬ ልመልሰው ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። በዚያ ቀን ዝም በማለቴ ለዚያች እናት የምከፍላት ዕዳ ይህ ነው።

ጽሑፌን በዚህ እየፈጸምሁ፣ ከዚህ የተሻለ አሳብ ያለው ወይም ስሕተቴን የሚያርም አንባቢ ቢገኝ በዚሁ ዓምድ እንዲመልስልኝ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከምዕራብ ሸዋ