ሐሳብ የሚሸጥበት ገበያ ዳኛ ይፈልጋል

ሐሳብም እንደ ቡናና እንደ ሰሊጥ ገበያ ወጥቷል። አንድ ድርጅት የቸገረውን ጉዳይ በኢንተርኔት ያስነግራል፤ መፍትሔ አለኝ የሚል ካለበት ሆኖ ይልካል፤ የተሻለው ይሸለማል። በአገራችንም አይኮግ ላብስ ያዘጋጀው «ሶልቭ አይቲ» እና በቀድሞው የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን የተጀመረው «ብሩህ» ወጣቱን በፈጠራ ሐሳብ አወዳድረዋል። እንዲህ ያለ ውድድር ለማውጣት ያሰበ ድርጅት ሁሉ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ሽልማቱ ስንት ይሁን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከሱ የሚቀድም አለ።

ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም ለዚህ ማስረጃ ትሆናለች። የድጓ ተማሪ በሌላ ደብር ዓመታት ተምሮ፣ ድጓውን በእጁ ጽፎ፣ ለማስመስከር ወደዚያች ደብር ይጓዛል። በደበሎና በቁራሽ እየኖረ ቃሉንና ምልክቱን በመምህሩ ፊት አንድ በአንድ ያቃናል። የገንዘብ ሽልማት የለም። ሆኖም የቤተ ልሔም ምስክርነት በየደብሩ ይታመናል፤ የተመሰከረለትም በሄደበት ወንበር ዘርግቶ ሊያስተምር ይችላል። እስቴ ውስጥ ያለችው ቆማም የራሷ የዜማ ስልት አላት፤ ተማሪው ግን በየትኛው ሚዛን እንደሚመዘን አስቀድሞ ያውቃል። እርግጥ ድጓ የተቀበሉትን ሳያጎድሉ መጠበቅ ሲሆን ፈጠራ ያልነበረውን ማምጣት ነው። የሚገናኙት በዳኛው ላይ ነው።

ተወዳዳሪም እንደ ማንኛውም ነጋዴ ሒሳብ ይሠራል። ጊዜውንና የኢንተርኔት ወጪውን ከኪሱ ያወጣል፤ ብዙዎች ለፍተው ጥቂቶች ይከፈላቸዋል። ታዲያ ለተሸናፊው ምን ይተርፈዋል? ዳኞቹ እነማን እንደሆኑ፣ በምን እንደሚመዝኑ፣ የእሱም ሥራ ለምን እንደወደቀ ከተነገረው ሌላ ጊዜ ይመለሳል። «ስለተሳተፉ እናመሰግናለን» የምትል አጭር መልእክት ብቻ ከደረሰችው ግን አይመለስም፤ ጓደኛውንም ያስቀራል። አንድ አንቀጽ አስተያየት መጻፍ ለአዘጋጁ ከአዳራሽ ኪራይ ይረክሳል።

ነገሩ የበጎ አድራጎት ጉዳይ እንዳልሆነ ለባለሀብቱ የሚያሳየው የካናዳው የወርቅ ኩባንያ ጎልድኮርፕ ነው። ኩባንያው በ2000 እ.ኤ.አ. በሚስጥር ይያዝ የነበረውን የሬድ ሌክ ማዕድን ማውጫውን የመሬት ጥናት መረጃ በኢንተርኔት ለቀቀና፣ ወርቁ የት እንዳለ ለሚጠቁሙ 575,000 የአሜሪካ ዶላር መደበ። ከ50 አገሮች ከ1,000 በላይ ሰዎች ገቡበት። ከአሸናፊዎቹ መካከል ከአውስትራሊያ ሆነው ማውጫውን በዓይናቸው ሳያዩ የሠሩ ነበሩበት። የፕሰን እና ላክሃኒ የተባሉ ተመራማሪዎችም በ2010 እ.ኤ.አ. 166 የሳይንስ ችግሮች የቀረቡበትን ውድድር መርምረው፣ ከችግሩ ሙያ የራቀ ሰው የማሸነፍ ዕድሉ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ጽፈዋል።

እንግዲህ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ ሩቅ መሆኑ ለአዘጋጁ ጥቅም ነው ማለት ነው፤ መድረስ ከቻለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የአንድ ወር ቀነ ገደብ ሰጥቶ በእንግሊዝኛ ቅጽ በመስመር ላይ ብቻ መቀበል ውድድሩን የቦሌ ልጆች ጉዳይ ያደርገዋል። በአማርኛ፣ በወረቀት፣ ንፋስ መውጫ ባለ የባንክ ቅርንጫፍ በኩል መቀበል ምን ይከብዳል?

ሌላው ሥጋት ስርቆት ነው። ስለ ፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጠራ የ15 ዓመት ፓተንት ይሰጣል፤ ተራ ሐሳብ ብቻውን ግን ፓተንት አያገኝም። ስለዚህ ያልተሸለመ ሐሳብ የላኪው ሆኖ እንደሚቀር፣ ድርጅቱ ኋላ ሊሠራበት ቢፈልግ እንደሚከፍል በውድድሩ ደንብ ላይ መጻፍ አለበት። ይህን ለመጻፍ የሚያመነታ ድርጅት ምን እንዳሰበ ተወዳዳሪው አይጠፋውም።

የሽልማቱ ልክ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደላላ ቀብድ ሳይያዝ ቤት አያሻሽጥም፤ የሽልማቱም ገንዘብ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በዝግ ሒሳብ ገብቶ፣ የባንኩ ማረጋገጫ ከውድድሩ ጥሪ ጋር አብሮ ቢወጣ መልካም ነው።