የቤተ መጻሕፍት ኅብረትና ወጪው

ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም ለሕዝብ ዕውቀት የሚደረግ ከፍ ያለ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን አንዲት ትንሽ ከተማ የምታቋቁመው ቤተ መጻሕፍት፤ ሕንጻው ያማረ መደርደሪያውም የሞላ ቢሆን እንኳ፤ ሰው የሚጠይቀውን መጽሐፍ ሁሉ ሊይዝ አይችልም። አንባቢው የፈለገው መጽሐፍ በእርሱ ከተማ ባይገኝ በጎረቤት ከተማ ተቀምጦ ይሆናል፤ መኖሩን የሚነግረው ከሌለ ግን እንደ ሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ቤተ መጻሕፍት መዝገባቸውን በኮምፒዩተር አንድ አድርገው፤ ማዋሱንም ማስመለሱንም በአንድ ሥርዓት ማካሄድ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። ትልቁ ችግር ሥርዓቱን በመትከሉ ላይ አይደለም። ከተተከለ በኋላ በየዓመቱ ማን ይከፍልለታል፤ ማንስ ያዝበታል በሚለው ነገር ላይ ነው።

የኅብረቱ ሐሳብ ከየት እንደ ተነሣ ማስታወስ ይጠቅማል። በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በ1967 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) 54 ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የመዝገብ ማእከል ለማቋቋም ተስማሙ። በነሐሴ ወር 1971ም በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያው መጽሐፍ በዚያ ኮምፒዩተር ተመዘገበ። የነገሩ ጥቅም ቀላልና ግልጽ ነበር፤ ይኸውም አንዱ ቤተ መጻሕፍት አንዴ የመዘገበውን መጽሐፍ ሌሎቹ እንደ ገና መመዝገብ ሳያስፈልጋቸው በተዘጋጀው እንዲጠቀሙ ነው።

ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን ይልቁን የሚጠቅመው ምሳሌ የጆርጂያ ግዛት ነው። ጆርጂያ 159 አውራጃዎች ያሏት ስትሆን ብዙዎቹ ገጠርና ድኾች ናቸው። የ2000 ዓመት ሲቃረብ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ዘመኑን እንዳይስቱ በተፈራ ጊዜ፤ እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት ለብቻው አዲስ ዕቃ ከሚገዛ በግዛቲቱ የቤተ መጻሕፍት መሥሪያ ቤት አስተባባሪነት አንድ ሥርዓት እንዲቆም ተደረገ። በ1999 የተጀመረው ይህ ኅብረት ፓይንስ ይባላል። በአንድ ካርድ ከአባሎቹ ከማናቸውም መበደር ይቻላል፤ በአንዱ የተወሰደውን መጽሐፍ በሌላው መመለስም እንደዚሁ። በገጠር የሚኖር ተማሪ ከሩቅ ከተማ መጽሐፍ አስመጥቶ ማንበብ ቻለ።

ኅብረቱ እየሰፋ ሲሄድ በገበያ የሚሸጡት ፕሮግራሞች ይህን ያህል ቤተ መጻሕፍት በአንድነት ለማስተዳደር የተመቹ ሆነው አልተገኙም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በ2004 የራሱን ለማሠራት ቈረጠ። ጥቂት ባለሙያዎች ሁለት ዓመት ያህል ደክመው ኤቨርግሪን የተባለውን ፕሮግራም አወጡ፤ በመስከረም 2006ም ከ250 በሚበልጡ ቤተ መጻሕፍት ላይ ሥራ ጀመረ። ማንም ወስዶ እንዲሠራበትና እንዲያሻሽለው በነፃ ስለ ተለቀቀ፤ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያና በአሜሪካ የኢንዲያና ቤተ መጻሕፍት ሳይዘገዩ ተቀበሉት። በ2007 ፕሮግራሙን ከሠሩት ሰዎች ወጥተው የራሳቸውን ድርጅት ያቋቋሙ ነበሩ። ሥራው በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ በመሆኑ ግን ዕውቀቱ ተቈልፎ አልቀረም።

እዚህ ላይ «ነፃ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። በስጦታ የመጣች በቅሎ ዋጋ አልተከፈለባትም፤ ገብስና ጫማ፣ የሚጠብቃትም ሰው ትፈልጋለች። እንዲሁም ፕሮግራሙ ያለ ዋጋ ቢገኝ ሰርቨሩ፣ የመስመሩ ኪራይ፣ የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ፣ የሠራተኞች ትምህርት፣ መጽሐፉን ከከተማ ወደ ከተማ የሚያመላልሰው መኪና ሁሉ ገንዘብ ይበላል። ከሁሉም የሚበልጠው የሰው ደመወዝ ነው።

ወጪውን ለአባሎች ማካፈል የሚያከራክረው ከዚህ የተነሣ ነው። ሁሉ እኩል ይክፈል ቢባል የትንሿ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ትወጣለች። በተዋሱ መጻሕፍት ቍጥር ይከፈል ቢባል ደግሞ ብዙ ያነበበ ሕዝብ ብዙ ተቀጣ ማለት ነው፤ ይህም ቤተ መጻሕፍት የተቋቋመበትን ዓላማ የሚቃወም ነው። በሕዝብ ቍጥር ማካፈሉ ከሁለቱ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሕዝብ ያለው አውራጃ ሁሉ ባለጠጋ አይደለም። የጆርጂያ መንገድ የማእከሉን ወጪ በግዛቲቱ መንግሥት ገንዘብ ላይ ማድረግ፤ ውሳኔውን ግን ከአባል ቤተ መጻሕፍት አስተዳዳሪዎች ለተውጣጣ ኮሚቴ ማካፈል ነበር። ይህ ብልህነት ነው። ከፋዩ ብቻውን የሚያዝ ቢሆን አባሎቹ ቅር ይላቸዋል፤ አባሎቹ ብቻቸውን ቢያዝዙም ከፋዩ ገንዘቡን ይሰበስባል። አባል የሆነ ሁሉ ደግሞ የውሰቱን ደንብ እንደ ልቡ መለወጡን ትቶ ከሌሎቹ ጋር አንድ ማድረግ አለበት፤ ይህን ከመሥዋዕት የሚቈጥሩ ሳይኖሩ አልቀሩም፤ ነገር ግን ያለዚህ ኅብረቱ አይቆምም።

ገንዘቡ ከአንድ ምንጭ ብቻ ሲመጣ ምን እንደሚደርስ በቅርብ ጊዜ ታይቷል። በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለየግዛቱ ቤተ መጻሕፍት ርዳታ የሚያድለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሕግ እስከሚፈቅደው ድረስ እንዲቀነስ አዘዙ። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድም፤ በዚያው ዓመት የደቡብ ዳኮታ ግዛት ቤተ መጻሕፍት እርስ በርስ የሚዋዋሱበትን አገልግሎት አቋረጠ፤ የሜይን ግዛትም የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች በከፊል አሰናበተ። መጽሐፎቹ ከመደርደሪያቸው አልጠፉም፤ በመካከላቸው የነበረው መንገድ ግን ተዘጋ።

በኢትዮጵያም በየክልሉ ያሉት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መዝገባቸውን አንድ ለማድረግ በታሰበ ጊዜ ይህ ሁሉ ከወዲሁ ሊመረመር የሚገባ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ሌላ ወጪ አለ፤ እርሱም የፊደሉና የስሙ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒዩተሮች የጋራ ሰሌዳ ከገባበት ከ1999 ወዲህ በአማርኛ መመዝገብ አላስቸገረም። ሆኖም አንዱ ጸሓፊ «ሀዲስ አለማየሁ» ብሎ ቢመዘግብ፤ ሁለተኛው «ሐዲስ ዓለማየሁ»፤ ሦስተኛው «ሃዲስ» ቢል፤ ለኮምፒዩተሩ አንዱ ደራሲ ሦስት ሰው ይሆንበታል። እንደ ፈረንጅ ልማድ የአባቱን ስም አስቀድሞ የሚጽፍ ካለ አራተኛ ሰው ተጨመረ ማለት ነው። በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይህን ስሕተት ሠራተኛው በልምድ ያርመው ይሆናል፤ በመቶ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን አንባቢው «የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ መጽሐፉ ግን አለ። ስለዚህ ሀና ሐ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቈጠሩ፤ የደራሲውም ስም በአንድ አጻጻፍና በራሱ ስም መነሻነት እንዲመዘገብ የሚያዝ ደንብ ያስፈልጋል፤ ደንቡን የሚያወጡና በየጊዜው መዝገቡን እየተመለከቱ የሚያርሙ ባለሙያዎችም እንዲሁ።

የእነዚህ ሰዎች ደመወዝ አንድ ጊዜ በሚፈጸም የዕቃ ግዢ ሒሳብ ውስጥ የሚጠቃለል አይደለም። የፌዴራሉም የክልሎቹም መንግሥታት ድርሻቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ተዋውለው፤ በየዓመቱ ባጀት ራሱን የቻለ አርእስት ሊያወጡለት ይገባል፤ ይህም ኮምፒዩተሮቹ ከመገዛታቸው በፊት ሊደረግ የሚገባው ነው።