ለጠብታው ትውልድ

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ለተወለድን ሰዎች ፖሊዮ ማለት በረዶ ከተጠቀጠቀበት ሣጥን የምትወጣ ጠብታ፣ በማርከር የተቀባች ትንሽ ጣት፣ በራችን ላይ በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር ነው። ከእኛ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ቀድሞ ለተወለደው ስንቱ ሰው ግን ፖሊዮ የገዛ እግሩ ነው። እኛ ስለበለጥን አይደለም፤ እናቶቻችን ከእነርሱ እናቶች አብልጠው ስለወደዱንም አይደለም። ጠብታው እኛ ጋ ደረሰ፣ እነርሱ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ይህ ዕድል ዕዳ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የሚከፈልበትም ጊዜ አሁን ነው።

ለምን አሁን? ፖሊዮ በአፍ ገብቶ አንጀት ውስጥ የሚራባ ቫይረስ ነው። ከሚይዛቸው ልጆች አብዛኞቹ ምንም ሳያውቁት፣ አለዚያም ትንሽ አተኩሷቸው ያልፋል። ከ200 አንዱ ላይ ግን ወደ ህብለ ሰረሰር ዘልቆ ጡንቻን የሚያዝዙትን የነርቭ ሴሎች ይገድላል። ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ ይበርዳል፤ የሞተው ነርቭ አይመለስም። እስከዚህ ያለውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የማናውቀው ቀጥሎ የሚሆነውን ነው። በሕይወት የቀሩት ነርቮች አዛዥ ያጡትን የጡንቻ ክሮች ይረከባሉ፤ አዲስ ቅርንጫፍ እያበቀሉ ከራሳቸው ድርሻ ብዙ እጥፍ ይይዛሉ። የሟች ጎረቤቱን ልጆች ከራሱ ልጆች ጋር ቀላቅሎ በአንድ ደመወዝ የሚያሳድግ ሰው ዓይነት ነው። ልጁ በክራንች ቆሞ፣ ትምህርት ቤት ደርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ቤተሰብ መሥርቶ "ተሻለው" የሚባለው በእነዚያ ነርቮች ልፋት ነው። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ይለፋሉ። ከዚያ ይደክማሉ። ያበቀሏቸው ቅርንጫፎች መርገፍ ይጀምራሉ።

ሐኪሞች ድኅረ ፖሊዮ ሲንድረም ይሉታል። ፖሊዮ ሽባ ካደረጋቸው 100 ሰዎች ከ25 እስከ 40 የሚሆኑትን ያገኛቸዋል ተብሎ ይገመታል። ቫይረሱ አገርሽቶ አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ምልክቱ እንቅልፍ የማያስለቅቀው ድካም፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም፣ ብርድ አለመቻል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አዲስ የጉልበት ማጣት ነው። የሚያስደነግጠውም ድካሙ የተጎዳውን እግር ብቻ ሳይሆን "ደህና" የተባለውንም መያዙ ነው። ደህናው እግርም ብዙ ጊዜ ያኔ በከፊል ተነክቶ፣ ሳይታወቅ ራሱን አሽሎ የኖረ ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1875 ፓሪስ ውስጥ፣ በሕፃንነቱ ፖሊዮ የያዘው አንድ የ19 ዓመት ቆዳ ፋቂ አዲስ ድክመት ጀምሮት ታይቷል፤ ታላቁ የነርቭ ሐኪም ሻርኮም በጉዳዩ ላይ አስተያየት ሰጥቶበታል። ከዚያ ነገሩ ተረሳ። አሜሪካ ውስጥ ወረርሽኙ እ.ኤ.አ. በ1952 ብቻ ወደ 58,000 ሰው አሳመመ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ እነዚያ ልጆች ጎልምሰው "እንደገና እየደከምን ነው" ማለት ጀመሩ። ብዙዎቹ "የጭንቀት ነው" ተብለው ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ጆርጂያ ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ ላይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ እስኪጠራ ድረስ ጉዳዩ በቅጡ የሚሰማው አላገኘም።

እንግዲህ ሂሳቡን ወደ እኛ አገር እናምጣው። መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ገጠሩን እስኪያዳርስ ደግሞ ዓመታት ወስዷል። ቤት ለቤት የሚዞረው የፖሊዮ ዘመቻ የመጣው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። በ1975 ዓ.ም. በሁለት ዓመቱ ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ፣ የመታው ልጅ ዛሬ አርባዎቹን አጋምሷል። የአሜሪካኖቹ ሠላሳኛ ዓመት እነርሱን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አገኛቸው፤ የእኛዎቹን እያገኛቸው ያለው አሁን፣ በዚህ ሳምንት፣ በየቤታቸው ነው።

ሰፈራችን አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ሲራመድ ቀኝ መዳፉን ቀኝ ጭኑ ላይ አሳርፎ በየእርምጃው ጉልበቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ እንዲያ ካላደረገ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከሱሪው ያችን ቦታ ብታዩ ጨርቁ በመዳፉ ልክ ነጥቶ ሳስቷል። ልብስ ሰፊ ነውና የራሱን ሱሪ በየጊዜው ከውስጥ ይጥፈዋል። የስፌት ማሽኑን ፔዳል ዕድሜ ልኩን የረገጠው በግራው፣ በደህናው እግሩ ነው። አሁን ግራውም ከሰዓት በኋላ እምቢ ይለዋል።

"ጋሼ፣ ሐኪም አላዩም?" አልኩት።

"አይቻለሁ። የዕድሜ ነው፣ ስፖርት ሥራ አለኝ።"

"ሠሩ?"

"ደረጃ መውጣትና መውረድ ያዝኩ። በወሩ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ።"

ሐኪሙን አልወቅሰውም፤ በቅን ልቦና የመከረው ነው። ፖሊዮን መጽሐፍ ላይ አንብቦ ያለፈ፣ በዓይኑ ያላየ ትውልድ ሐኪም ሆኗልና የጥሪዬ መጀመሪያ ወደ እናንተ ነው፤ ወጣት ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ፊዚዮቴራፒስቶች። አርባና ሃምሳ ዓመት የሆነው፣ አንድ እግሩ የቀጠነ ሰው "ደከመኝ" ብሎ ፊታችሁ ሲቀመጥ እግሩን የድሮ ታሪክ ነው ብላችሁ አትለፉት። ይህን ችግር ለይቶ የሚያወጣ አንድ የላቦራቶሪ ምርመራ የለም። ደም ማነሱን፣ ታይሮይዱን፣ ዲስኩን፣ ስኳሩን አንድ በአንድ አጣርቶ ነው የሚደረስበት፤ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል። እንቅስቃሴ ክልክል አይደለም፣ እስከ ዝለት መሄዱ ነው የሚጎዳው። የሚያድን ኪኒን ባይኖርም ሥራን ከፋፍሎ መሥራት፣ በመሐል ማረፍ፣ የእግር ድጋፍ ብረትን በልክ ማስተካከል፣ ሲያስፈልግ ዊልቸር፣ ብዙ ነገር ይለውጣሉ።

ዊልቸር ስል የሚቆጣኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ "ጎበዝ፣ ራስህን ቻል" እየተባሉ ያደጉ ናቸው። ከብረቱ ወደ ክራንች፣ ከክራንች ወደ ምርኩዝ ያደረጉትን እያንዳንዱን ጉዞ በላብ የከፈሉበት ናቸው። ዛሬ ወደ ኋላ ተመለስ ሲባሉ ሽንፈት ይመስላቸዋል። ቤተሰብ ደግሞ ባለማወቅ ያባብሰዋል፤ "እስከ ዛሬ ስትችዪው የነበረውን?" ይባላል። አዎ፣ እስከ ዛሬ ትችለው ነበር፤ የሚከፈለውም የዚያ መቻል ዋጋ ነው።

ሕንፃ የምትነድፉ፣ የምታስገነቡ፣ ፈቃድ የምትሰጡም አላችሁ። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ እንዲመች ሆኖ እንዲሠራ አዝዟል። ይህን አዋጅ ያረቀቁት የእኛ ታላላቆች ናቸው፤ ሕንፃውን እየሠራን ያለነው እኛ ነን። በየመግቢያው ራምፕ ተብሎ የሚፈሰውን ሲሚንቶ አይታችሁት ከሆነ፣ ጤነኛውን ሰው የሚያንሸራትት ቁልቁለት ነው። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ "አገልግሎታችን ለሁሉም ነው" ብሎ ሲለጥፍ ማን ላይ እንደሚቀልድ አይገባኝም። የታክሲ ረዳቶችም ብትሆኑ፣ ክራንች የያዘ ሰው ለመሳፈር የሚፈጀው ጊዜ አንድ ተሳፋሪ መልስ እስኪቀበል ከሚፈጀው አይበልጥም።

ከዚህ ጎን ለጎን ጠብታውን ማስቀጠል አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ተፈጥሯዊ ፖሊዮ የታየው በ2006 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ነው። ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጣና ከእሱ ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ። ግን ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ ዓይነት ፖሊዮ ልጆቻችንን ሽባ አድርጓል፤ በጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ብዙ ያልተከተቡ ልጆች ባሉበት ከልጅ ወደ ልጅ ሲዘዋወር ከርሞ ጉልበቱን ሲመልስ የሚመጣ ነው። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ ከክትባት ይሸሻል። የተገላቢጦሽ ነው፤ ያ ቫይረስ መንገድ የሚያገኘው ያልተከተበ ልጅ ሲበዛ ነው።

ልጅ ያላችሁ ካርዱን አውጥታችሁ እዩት። ድንገት እግሩ ወይም እጁ የዛለበት፣ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካያችሁ ዕለቱን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ። ሁለት የሰገራ ናሙና በ24 ሰዓት ልዩነት የሚወሰደው ድክመቱ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ ካለፈ ቫይረሱን ማግኘት ይከብዳል።

አባታችሁ፣ እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ በልጅነት ልምሻ የመታው ሰው ከሆነ ደግሞ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ጠይቁት። በስንት ዓመቱ ያዘው? የትኛው እጅና እግር? ከአምስት ዓመት በፊት ይሠራው የነበረና አሁን ያቃተው ምንድን ነው? ሌሊት ትንፋሽ ያጥረዋል ወይ፣ ሲውጥ ያንቀዋል ወይ? መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉና ሐኪም ቤት አብራችሁት ሂዱ። ኦፕሬሽን የሚታዘዝለት ከሆነ በተለይ ለማደንዘዣ ባለሙያው መነገር አለበት፤ የነርቩ አቅም ያነሰ ሰው ማደንዘዣውና ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ከሌላው በላይ ሊከብደው ይችላልና። "በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ነበር" የሚለው ካርዱ ላይ መጻፉን ሳታዩ ከክፍሉ አትውጡ።