ለአሠልጣኟ የብቃት ምስክር ወረቀት ማን ይክፈል?

«ሙያ በልብ ነው» ይላሉ እናቶቻችን። ባለሙያ ሴት ስለ ሙያዋ አታወራም፤ ወጧ፣ ፈትሏና ስፌቷ ይናገሩላታል ማለታቸው ነው። ጎረቤት ከጎረቤት በሚተዋወቅበት መንደር አባባሉ ዛሬም እውነት ነው። ለሥራ ፈላጊዋ ወጣት ግን አይበቃትም። ሆቴሉም፣ የልብስ ስፌት ድርጅቱም፣ ጋራዡም በልብ ያለውን ሙያ በወረቀት እንድታሳይ ይጠይቃታል። ወረቀቱም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው፤ ብዙዎቻችን በአጭሩ «ሲ.ኦ.ሲ.» የምንለው።

ውድ እናቶችና ሠራተኛ እኅቶች! በጎንደር ከተማም ሆነ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ የምትኖሩ፣ ልጃችሁን ለሙያ ሥልጠና ስታስመዘግቡ ስለ ክፍያው፣ ስለ መንገዱ ርቀትና ስለ ትምህርቱ ሰዓት ትጠይቃላችሁ። ተገቢ ነው። ነገር ግን «ልጄን የምታሠለጥነው መምህርት ራሷ በሙያዋ ተመዝናለች ወይ? ለምዘናውስ ወጪውን የቻለላት ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ላይ ይሆናል።

በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 391/1996፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 954/2008 ተደንግጓል። የሥርዓቱ ዋና ሐሳብ፣ ሠልጣኝ የሚለካው በክፍል ውስጥ በቆየበት ጊዜ ብዛት ሳይሆን ሠርቶ በሚያሳየው ነገር ነው የሚል ነው። ሙያው በደረጃ ይከፈላል፤ ተመዛኙም በመዛኞች ፊት በእጁ ሠርቶ ያሳያል፤ ለሚቀርብለትም ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ይህ ሥርዓት አሠልጣኙንም ይመለከታል። አንድ አሠልጣኝ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ሙያውን በእጁ ማወቁ ነው። ሁለተኛው ያወቀውን ለሌላው የማስተላለፍ ዘዴ መማሩ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ለዚህም ሲባል አሠልጣኞችን የሚያሠለጥን ተቋም በፌዴራል ደረጃ በ2003 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተመሥርቶ ዘርፉን እንዲመራ ተደርጓል።

የልብስ ስፌትን ለምሳሌ እንውሰድ። በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ብቻ የተማረች አሠልጣኝ፣ የፋብሪካውን የኤሌክትሪክ መኪና ነክታ ሳታውቅ ልጆቻችንን ለፋብሪካ ልታዘጋጅ አትችልም። ከመምህሩ ደቀ መዝሙሩ የሚለው ተረት የሚሠራው መምህሩ ሲያውቅ ነው። አሠልጣኟ ያላወቀችውን ሠልጣኟ በምዘና ቀን ትወድቅበታለች። የወደቀችውም ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ የታክሲና የምሳ ገንዘብ የተከፈለላት፣ እናቷ ከጉልት ሽያጭ ቀንሳ ያስተማረቻት ናት። እንግዲህ የአሠልጣኝ ብቃት የቤታችን ጉዳይ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። በደባርቅ የምግብ ዝግጅት የምታስተምር፣ የሚጠባ ሕፃን ያላት አንዲት አሠልጣኝ አለች እንበል። ምዘናዋ በጎንደር ነው ብለን እናስብ። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምዘናውን ክፍያ፣ የመኪናውን፣ የአልጋውንና የምግቡን ትቆጥራለች። ሕፃኑን ይዛ ብትሄድ የሚይዝላት ሰው ያሻታል፤ ትታው ብትሄድ ጡቷ ያስጨንቃታል። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ቢዘጋ ደግሞ የሁለት ቀን ጉዞ የሳምንት ይሆናል። ደመወዟ ይህን ሁሉ ሲችል አይታያትም። ስለዚህ «ለሚቀጥለው ዓመት» ትላለች። ባልደረባዋ ወንድ አሠልጣኝ ግን ሕፃኑን ለሚስቱ ትቶ ይሄዳል፤ ይመዘናል፤ በደረጃም ያድጋል። ሴቲቱ ወደ ኋላ የቀረችው በሙያዋ አንሳ አይደለም፤ የመመዘኛው ወጪ በኪሷና በጀርባዋ ላይ ስለ ወደቀ ነው።

መፍትሔው ወጪውን ከመንግሥት በጀት መቻል ነው። ይህ ለጎንደር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች የሠለጠኑት በመንግሥት ወጪና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ርዳታ ነበር። ለነርሷ ሥልጠና የወጣው ገንዘብ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ለወላዷ እናት ተመልሷል። ያ ተቋም አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

የሌላውንም አገር ልምድ እንይ። በጀርመን አገር ለጋ ሠራተኞችን በሥሩ የሚያሠለጥን የእጅ ሙያ ጌታ የሙያውን ብቻ ሳይሆን የማስተማር ፈተናም ያልፋል። ለዚህ ዝግጅት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በሕግ የመንግሥት ድጎማ ተፈቅዷል። ከፊሉ ስጦታ፣ ከፊሉ ብድር ሲሆን፣ ፈተናውን ላለፈ ሰው የብድሩ ከፊል ይማርለታል። ልጅ ለብቻዋ ለምታሳድግ እናት ደግሞ የሕፃን ማቆያ ድጎማ ይታከልላታል። አገሪቱ ሀብታም ናት፤ ገንዘቧን መኮረጅ አንችልም። ሕፃኑን በሒሳብ ውስጥ ማስገባቷን ግን ልንወስደው እንችላለን።

«መንግሥት ከፍሎላት ወረቀቱን ስትይዝ የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ብትሄድስ?» የሚል ይኖራል። ሥጋቱ ተገቢ ነው። መልሱ ግን መከልከል ሳይሆን ውል ነው፤ የተከፈለላት አሠልጣኝ ለተወሰነ ዓመት እንድታገለግል ትፈርማለች። ወረቀት ብቻውን ሙያ አይሆንም የሚለውም እውነት ነው። ዱቄትና ዘይት የሌለበት የማብሰያ ክፍል፣ ጨርቅ የሌለበት የስፌት ክፍል ምስክር ወረቀት ያላትንም አሠልጣኝ ሥራ ያስፈታል። ስለዚህ የምዘናው ገንዘብና የተግባር ዕቃው በጀት ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው።

እናንተስ ከቤታችሁ ሆናችሁ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? በወላጆች ስብሰባ ላይ ሦስት ነገሮችን ጠይቁ። ከአሠልጣኞቹ መካከል በሚያሠለጥኑበት ሙያ የተመዘኑት ስንት ናቸው? ላልተመዘኑት በዘንድሮው በጀት ምን ተይዟል? ሕፃን ላላቸው ሴቶችስ ምን ታስቧል? ጥያቄው አሠልጣኟን ለማሳፈር አይሁን፤ እርሷን ለማገዝ ነውና በአክብሮት ይቅረብ። ጎረቤታችሁ አሠልጣኝ ከሆነች ደግሞ ለምዘናዋ ቀን ሕፃኗን ተቀበሏት። ባሎችም ቢሆኑ ለሁለት ቀን ልጅ ቢይዙ ክብራቸው አይቀንስም።

በየዓመቱ ጥር ጎንደር የጥምቀት እንግዳዋን ትቀበላለች። ለእንግዳው የሚያበስሉት፣ የሚያስተናግዱትና አልጋ የሚያነጥፉት የእኛው ልጆች ናቸው። እነርሱ በሙያቸው እንዲኮሩ ያስተማረቻቸው ሴት አስቀድማ መመዝገብና መመዘን አለባት። ሙያ በልብ መሆኑ መልካም ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ወጪ ግን በአንዲት እናት ኪስ ብቻ ሊቀር አይገባውም።