አውራ ጎዳናው የሰፈር መንገድም ነው

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ ያልፋል፤ እንጅባራ ላይ ደግሞ የቻግኒው መንገድ ይገነጠላል። ለሹፌሩ መተላለፊያ የሆነው አስፋልት ለነዋሪው ደጁ ነው።

በገበያ ቀን ጠርዙ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። ድንች የጫነ ጋሪ ያዘግማል፤ ባጃጅ ሰው ለማንሳት ድንገት ይቆማል፤ ብስክሌተኛው ሊያልፈው ወደ መሐል ሲወጣ ከኋላው የጭነት መኪና ጥሩንባ ያምባርቃል። የእግረኛው መሄጃ ሸቀጥ ስለተዘረጋበት ተማሪዎች አስፋልቱ ላይ ይሄዳሉ።

የሹፌሩ ችኮላ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪና ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚጓዘው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ጎዳና ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳይበልጥ የሚመክረውም ለዚህ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው ከመኪና ነጻ ቀን አስፋልትን ለሰዓታት ለእግረኛና ለብስክሌተኛ መልቀቅ እንደሚቻል አሳይቷል።

እንጅባራና ዳንግላ ግን ከዚህ በላይ ያስፈልጋቸዋል፦ በትምህርት ቤቶች አጠገብ የፍጥነት መቀነሻ፣ ከመስመር የወጣ የባጃጅ ማቆሚያ፣ ለነጋዴው ሌላ ቦታ ተሰጥቶት የጸዳ የእግረኛ መንገድ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት፣ ሁለቱ ከተሞች በሚገኙበት በአዊ ዞን፣ የጋሪው ፈረስም በመንገድ ዕቅዱ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል።